ከአዳማ እስከ 5 ኪሎ ሙዚየም፦ መንገዱን አያይዞ የሚነግረን እንፈልጋለን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው፣ መምህርት ነኝ፣ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። የምጽፈው ስለ ብሔራዊ ሙዚየም ነው፣ ማለቴ ውስጡ ስላለው ነገር ብዙ ተጽፏል፣ እኔ የምለው እዛ ስለመድረስ ነው፣ መኪና የሌለው ሰው ከአዳማ ተነስቶ በህዝብ ትራንስፖርት እንዴት አርጎ 5 ኪሎ እንደሚደርስ። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል ግን ትንሽ አይደለም።

ሰሞኑን በየሚዲያው ስለ ቱሪዝም ብዙ ይወራል፣ ደስ ይላል። ግን ጎብኚ ሲባል ሁሌ መኪና ተከራይቶ አስጎብኚ ይዞ የሚሄደው ሰው ነው የሚታሰበው። ከአዳማ ከአሰላ ከሻሸመኔ ልጆቹን ይዞ በሚኒባስ የሚመጣው ሰው ጎብኚ አይደለም ወይ? መኪናው አለ፣ ታክሲው አለ፣ ቀላል ባቡሩ አለ፣ ፈጣን መንገዱም አለ፣ ሁሉም በየፊናው አለ፣ ግን ከአዳማ መናኸሪያ እስከ ሙዚየሙ በር ድረስ አያይዞ እንዲህ አርገህ ሂድ እዚህ ጋር ውረድ ብሎ በጽሁፍ የሚነግርህ የለም። ስለዚህ መንገዱን የሚያውቀው አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው ብቻ ነው፣ ዘመድ የሌለው እቤቱ ይቀራል።

ለምን ይሄን ያህል እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። አዋሽ የኛ ጎረቤት ነው። ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ በመልካ ቁንጥሬ አልፎ ቆቃ ይገባል፣ ከቆቃ ወጥቶ ወንጂን ያጠጣል፣ በሶደሬ በኩል አርጎ ወደ መተሃራ ይወርድና ከዛ ወደ አፋር። የተማሪዎቼ ብዙዎቹ ወንጂ ዘመድ አላቸው፣ ሶደሬ ያልዋኘማ ማን አለ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስራ ሲጀምር ሸንኮራውን ያጠጣው ይሄ ወንዝ ነው፣ የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. መብራት የሰጠው በዚሁ ውሃ ነው። እና ይሄው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ሀዳር ሲደርስ ነው ህዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እነ ዶናልድ ጆሃንሰን ድንቅነሽን ያገኟት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ከአጽሟ 40 ፐርሰንት ገደማ። ከሀዳር ወንዙን ሲሻገሩ ዲኪካ ነው፣ እዛ ደግሞ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ1993 ዓ.ም. ሰላምን አገኘ፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ህጻን ልጅ። ከዛ ትንሽ ወደ ላይ መካከለኛው አዋሽ ላይ አራሚስ የሚባል ቦታ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት አርዲ። እዛው መካከለኛው አዋሽ ሄርቶ ላይ ደግሞ 160 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የኛው ዘር የራስ ቅል። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ነው ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው፣ መልካ ቁንጥሬ ደግሞ ከኛ በላይ በኩል በ2016 ዓ.ም. ተመዘገበ። ማለትም አዳማ የምንኖር ሰዎች ከላይም ከታችም በዚህ ታሪክ መሀል ነን።

ይሄን ሰሌዳ ላይ ስስል ክፍሉ ዝም ይላል። "ቲቸር የኛው አዋሽ ነው?" ይሉኛል። አዎ የኛው ነው። ከዛ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "የት ነው ያለችው፣ እንየዋ" ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለችው። ከሀዳር ይልቅ እኛ ነን ለሙዚየሙ የምንቀርበው። ድንቅነሽ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ አሜሪካ ሂውስተን ሄዳ እስከ 2005 ድረስ እዛው ሀገር ቆይታለች፣ ነሐሴ 2017 ላይ ደግሞ ከሰላም ጋር ፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ለ60 ቀን እንድትታይ ተወስዳለች። መሄዷን አልቃወምም፣ ሀገር አስተዋውቃለች። ግን የሂውስተን ልጅ አይቷት የአዳማ ልጅ ሳያያት 12ኛ ክፍል ሲጨርስ እኔ መምህሩ ዝም ማለት አልችልም።

እሺ አሁን ወደ መንገዱ። እኔ ተመላልሼ ያወቅኩትን ልጻፈው፣ ቢያንስ ይሄን ጋዜጣ ያነበበ ሰው ይጠቀምበት።

ከአዳማ ማልዶ መነሳት ነው የሚሻለው፣ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ የደረሰ ሰው ብዙ ሳይሰለፍ ይሳፈራል፣ ቅዳሜ እና ሰኞ ጠዋት ግን ሰው ይበዛል። መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት በፈጣን መንገዱ ነው ወይስ በአሮጌው ብላችሁ ጠይቁ። ፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ ፈረንጅ በ2014 ከተከፈተ ወዲህ የአዳማን ሰው ህይወት በጣም ነው የቀየረው፣ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መቆም የለም። በአሮጌው ከሄደ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ ዱከም እያለ ሰው እያወረደ እየጫነ ነው የሚሄደው፣ ልጅ ለያዘ ሰው ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው ምክንያቱም ልጆቹ ሙዚየሙ ጋር ሳይደርሱ ይደክማሉ።

የአዳማ መኪና የሚያወርደው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋር ነው። ቃሊቲ የከተማው ደቡብ ጫፍ ነው፣ 5 ኪሎ ደግሞ ወደ ሰሜን እንጦጦ ስር ነው፣ ስለዚህ ከተማውን ሙሉ መሰንጠቅ አለባችሁ። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ቀላል ባቡሩ ነው፣ የሰሜን ደቡቡ መስመር መነሻው ቃሊቲ ነው፣ ጣቢያው ጋር ለመድረስ ግን እየጠየቃችሁ ነው የምትሄዱት። በሳሪስ በኩል አርጎ ስታዲየም እና ለገሃር ያደርሳል፣ ትራፊክ የለበትም፣ ግን በስራ መግቢያ እና መውጫ ሰዓት መተንፈሻ የለውም፣ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ በዛ ሰዓት አትግቡ እላለሁ። ሌላው ምርጫ ታክሲ ወይ የከተማ አውቶቡስ ነው፣ ወደ ስታዲየም ወደ መስቀል አደባባይ የሚሄደውን መያዝ።

ባቡሩ በ2008 ሲጀምር ሁሉም ቦታ የሚያደርስ መስሎን ነበር። ግን ሁለቱም መስመሮች 4 ኪሎን አይነኩም። አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ተነስቶ በመርካቶ ዞሮ ወደ ፒያሳ ነው የተሰራው። ዩኒቨርሲቲዎቹ፣ ሙዚየሞቹ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ይሄ ሁሉ ያለበት ከ4 ኪሎ እስከ 6 ኪሎ ያለው መስመር ባቡር የለውም። ስለዚህ ስታዲየም አካባቢ ወርዳችሁ የ4 ኪሎ ታክሲ ትፈልጋላችሁ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ደግሞ የታክሲ መያዣ ቦታዎች ስለተቀያየሩ አምና የያዛችሁበት ቦታ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል፣ መንገዱ አምሯል ለእግረኛም ተመችቷል እሱን አልክድም፣ ግን የት ቆመን እንጠብቅ የሚለውን ለአዲስ ሰው የሚነግር ነገር ያስፈልጋል።

4 ኪሎ ስትደርሱ ሀውልቱ ጋር ናችሁ። ከዛ 6 ኪሎ ወይም ሽሮ ሜዳ እያለ የሚጣራውን ታክሲ ነው የምትይዙት። ይሄን ማንም አይነግራችሁም! ሙዚየም ብሎ የሚጣራ ረዳት የለም፣ 5 ኪሎ ብሎም የሚጣራ ብዙ የለም፣ ምክንያቱም 5 ኪሎ መሀል ነው፣ ስለዚህ የሽሮ ሜዳውን ይዛችሁ የቴክኖሎጂ ፋካልቲው አካባቢ ስትደርሱ "ወራጅ አለ" ማለት ነው። እግራቸው ደህና የሆነ ሰዎች ከ4 ኪሎ በእግራቸውም ይደርሳሉ፣ ትንሽ ዳገት ቢሆንም ሩቅ አይደለም፣ እኔ ከተማሪ ጋር ብሆን በእግር ነው የምመርጠው።

ይሄው ነው መንገዱ። ሲጻፍ ያለቀ ነገር ይመስላል፣ ግን መጀመሪያ የሚሄድ ሰው ቃሊቲ ላይ ቆሞ ሲያስበው ጨለማ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ አሁን አሁን "ሙዚየም" ብቻ ማለት አይበቃም። ድሮ ሙዚየም ሲባል 5 ኪሎ ማለት ነበር። አሁን ፒያሳ የካቲት 2016 የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለ፣ የሳይንስ ሙዚየሙ አለ፣ መስቀል አደባባይ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ አለ፣ አንድነት ፓርክ አለ፣ 6 ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው አለ። ሁሉም መኖራቸው ጥሩ ነው። ግን አንድ ጊዜ ከእህቴ እና ከልጆቿ ጋር ስንሄድ ስታዲየም አካባቢ አንዱን ረዳት "ሙዚየም ይደርሳል?" ብንለው "ግቡ ግቡ ማዘር ይደርሳል" ብሎ ጭኖን ፒያሳ አድዋው ጋር አወረደን። ልጁ አልዋሸም፣ ሙዚየም ነው ያደረሰን። ትንሹ የእህቴ ልጅ ግን "ሉሲ የታለች" እያለ ነበር፣ ከፒያሳ ተነስተን 4 ኪሎ በእግር ሄድን፣ ከ4 ኪሎ እንደገና ታክሲ ያዝን፣ 5 ኪሎ ስንደርስ ልጆቹ ውሃ ጠምቷቸው እህቴ ተበሳጭታ ነበር። እህቴ ከዛ ወዲህ እንሂድ ስላት "በኮንትራት ከሆነ" ነው የምትለው። ኮንትራት ደግሞ ማን ይችላል፣ ከቃሊቲ 5 ኪሎ በራይድ ደርሶ መልስ ለአንድ ቤተሰብ ከአዳማ ከመጣበት ትራንስፖርት ይበልጣል።

ስለዚህ ስትጠይቁ "ብሔራዊ ሙዚየም፣ 5 ኪሎ" ብላችሁ ጠይቁ፣ "ሉሲ ያለችበት" ብትሉም ብዙ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ተማሪ ይዞ ለመሄድ መጀመሪያ የሚታሰበው አውቶቡስ መከራየት ነው። የአውቶቡስ ኪራይ ከነዳጁ ጋር አብሮ እየናረ የመንግስት ትምህርት ቤት የማይደርስበት ሆኗል፣ ወላጅ አዋጡ ሲባል የሚችለው ልጁን ይልካል የማይችለው ልጅ ይቀራል፣ እና የሚቀሩት ልጆች ሁሌ እነዛው ልጆች ናቸው። እኔ ይሄን ማየት ስለሰለቸኝ በህዝብ ትራንስፖርት ትንሽ ልጆችን ይዤ ልሂድ ብዬ ጠየቅኩ፣ አስር አስራ አምስት ልጅ፣ ሁለት መምህር፣ በስራ ቀን ሰው ባልበዛበት ሰዓት። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፣ የጠየቁኝም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። "በምን ትሄዳላችሁ፣ የት ትወርዳላችሁ፣ ከዛ በምን ትቀጥላላችሁ፣ ልጅ ቢጠፋ የት ትገናኛላችሁ፣ ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ፣ በጽሁፍ አምጪ" አሉኝ። እኔም ልጽፍ ተቀመጥኩ። አንድም የምጠቅሰው ነገር የለኝም! የምጽፈው ሁሉ "እዛ ሄደን እንጠይቃለን" ነው የሚሆነው። የትኛው ወላጅ ነው "እንጠይቃለን" በሚል ወረቀት ላይ የሚፈርመው? እኔም ወላጅ ብሆን አልፈርምም። የመስመር ቁጥር፣ የማቆሚያ ስም፣ የታክሲ መያዣ ቦታ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ማህተም ያረፈበት ነገር ቢኖር ያ ፈቃድ በዛው ቀን ይሰጥ ነበር። ብዙ ሰው መረጃ ሲባል ለቱሪስት የሚታደል ብሮሸር ይመስለዋል፣ ለኛ ግን መረጃው ራሱ ነው ልጆቹን የሚያሳፍረው።

ልጆቹ ደርሰው ሲያዩ የሚሆኑትን ብታዩ። በተለያየ ጊዜ በዘመድ በምን የሄዱ ተማሪዎች ነግረውኛል እኔም አይቻለሁ። ከመሬት በታች ያለው ክፍል ውስጥ ድንቅነሽ ሁለት ሆና ነው ያለችው፣ አንዷ ተኝታ አንዷ ቆማ፣ ለእይታ የቀረበው ቅጂዋ ነው፣ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ነው የሚቀመጠው። የቆመችው ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ቢሆን ነው፣ ልጆቹ አጠገቧ ቆመው ትከሻቸው ጋር ስትደርስ ይገርማቸዋል፣ በመጽሐፍ ላይ ሲያዩዋት ትልቅ ሴት ነበር የምትመስላቸው። እኔ ክፍል ውስጥ በሁለት እግር መሄድ ከአንጎል ማደግ በፊት ነው የመጣው ብዬ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ፣ ግን የዳሌ አጥንቷን እና የጉልበቷን ቅርጽ ቆሞ ያየ ልጅ ሁለተኛ አይረሳውም፣ ፈተና ላይም ያየሁት ይሄንኑ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ የንጉሡ ትልቁ የእንጨት ዙፋን አለ፣ ከአክሱም በፊት የነበሩ የድንጋይ ሀውልቶች አሉ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ስዕሎች አሉ። የአጼ ቴዎድሮስ ጸጉር መጋቢት 2011 ላይ ከእንግሊዝ ሲመለስም የተረከበው ይሄው ሙዚየም ነው። አንድ ሰዓት ይበቃል ብሎ የገባ ሰው ሳይጠግብ ነው የሚወጣው።

እና እግረ መንገዳችሁን እዛ ከደረሳችሁ ወደ 6 ኪሎ ውጡ፣ በእግር የሚኬድ ነው። የካቲት 12 ሀውልት አደባባዩ ላይ ነው፣ የ1929 ዓ.ም. ፍጅት መታሰቢያ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ደግሞ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት የነበረው ህንጻ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው፣ ሙዚየሙም እዛው ነው፣ የብሔር ብሔረሰቦች አለባበስ እቃ ሁሉ አለ፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ግቢው በር ላይ ስለምትጠየቁ መታወቂያ ያዙ። አንድ ቀን ሁለት ሙዚየም ማየት ይቻላል ማለት ነው፣ ከአዳማ ለመጣ ሰው ይሄ የትራንስፖርቱን ወጪ የሚክስ ነገር ነው።

መመለሻውን አትርሱ። ሰው ሙዚየሙን አይቶ 11 ሰዓት ላይ ከ5 ኪሎ ሲነሳ በስራ መውጫ ሰዓት ነው የሚገባው፣ 4 ኪሎ ላይ ሰልፍ፣ ስታዲየም ላይ ሰልፍ፣ ቃሊቲ ሲደርስ መሽቶ የአዳማ መኪና ላይ ደግሞ ግፊያ፣ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅም አይጠፋም። ልጅ የያዘ ሰው 9 ሰዓት ላይ ከ5 ኪሎ ይነሳ ባይ ነኝ።

እናቴ የናዝሬት ልጅ ናት፣ ይሄን ሁሉ ስነግራት "እኛ ዘመን ባቡር ነበረ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። የድሮው ባቡር ጣቢያ እኛ ከተማ መሀል ነው፣ ተሳፍራ ለገሃር ስትወርድ አዲስ አበባ መሀል ናት፣ ከለገሃር አንበሳ አውቶቡስ ይዛ 4 ኪሎ። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሲመጣ እሷ በጣም ነበር የተደሰተችው፣ ግን የአዳማው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ፉሪ ለቡ ነው የሚቆመው፣ ያም ሌላ የከተማ ጫፍ ነው፣ ለድሬዳዋ እና ለጅቡቲ መንገደኛ ነው እንጂ ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለስ የአዳማ ሰው ታስቦ የሚመላለስ አይደለም። ይሄ ባቡር አንድ ቀን ለአጭር ርቀት መንገደኛ ጠዋት እና ማታ ቢመላለስ የአዳማ ሰው ግማሹ በሱ ነበር የሚሄደው፣ ይሄ ግን ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።

እኔ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈልገውን ነው። ከክፍለ ሀገር መኪና በሚያወርድባቸው መናኸሪያዎች ሁሉ መውጫ በር ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ይቁም፣ ወደ ሙዚየሞቹ እና ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች በምን እንደሚኬድ፣ የት እንደሚወረድ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በሌላውም። ሆስፒታሉን ያነሳሁት የታመመ ሰው ይዞ የሚመጣው ሰውም እዛው በር ላይ ቆሞ ግራ ስለሚጋባ ነው። በ4 ኪሎ እና በ6 ኪሎ መካከል የሚመላለሱ የከተማ አውቶቡሶች እና ታክሲዎች ታፔላ ላይ "ብሔራዊ ሙዚየም" የሚል ቃል ይጨመር፣ ማቆሚያውም በዚሁ ስም ይጠራ። ረዳቶቹ ከለመዱ ራሳቸው ይጣሩታል፣ ለነሱም ገበያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከቃሊቲ ተነስቶ በመስቀል አደባባይ፣ በ4 ኪሎ አርጎ 6 ኪሎ የሚደርስ አንድ አውቶቡስ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት የሚመለስ ቢመደብ፣ ከኛ ብቻ ሳይሆን ከቢሾፍቱ ከሞጆ ከዝዋይ ከሀዋሳ የሚመጣውም ሰው በሱ ነው የሚሄደው፣ ባዶውን አይሄድም። ሙዚየሙም እንዴት እንደሚመጣ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቶ ለየከተማው ትምህርት ቢሮ ቢልክ ወይ በቴሌግራም ቢለቀው እኛ መምህራን አትመን እንለጥፈዋለን፣ ሼር እናረገዋለን።

ካርታማ ስልክ ላይ አለ የሚል ሰው አይጠፋም። አለ፣ ግን ካርታው በመኪና ለሚሄድ ሰው ነው የሚመራው፣ የሽሮ ሜዳውን ታክሲ ያዝ 5 ኪሎ ላይ ወራጅ በል አይልም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም። ስልክ የሌላት የተማሪዬ እናትስ?

የአዳማ ከተማ ትምህርት ኃላፊዎችም ይሄን ካነበባችሁ ከአዲስ አበባ ትራንስፖርት እና ከሙዚየሙ ሰዎች ጋር አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ብትነጋገሩ ይሄን ወረቀት ማውጣት የሳምንት ስራ አይደለም። መንገዱን በእግሬም በታክሲም አውቀዋለሁ፣ ረቂቁን እኔ እጽፋለሁ፣ እናንተ አረጋግጣችሁ ማህተም አድርጉበት። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ካለቀ በኋላ ባለው የእረፍት ሳምንት ልጆቹ ነጻ ናቸው፣ ወረቀቱ ከዛ በፊት እጄ ከገባ በእረፍቱ አስራ አምስቱን ይዤ እሄዳለሁ፣ የወላጅ ፈቃድ መፈረሚያውን ፎርም ከአሁኑ አባዝቼ አስቀምጫለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የባዮሎጂ መምህርት፣ አዳማ